ቦይለሩ እምቢ ሲል

ሆቴል ውስጥ ሙቅ ውኃ ሲጠፋ ስልኬ የሚጠራው ጎህ ሳይቀድ ነው። እንግዳው ሻወር ቤት ቆሟል፣ ላውንደሪው አንሶላ ቆልሏል፣ ሥራ አስኪያጁ ጨንቋቸዋል። "ኢንጂነር፣ ለዛሬ ብቻ ዳይሬክት አድርግልኝ፤ ነገ ተረጋግተህ ትሠራዋለህ" ይሉኛል። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ቦይለሩን ያስቆመውን መቆጣጠሪያ በቁራጭ ሽቦ ዘሎ ማገናኘት ግን የማልሠራው ሥራ ነው። ምክንያቴን ለደንበኞቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፤ እዚህም ልጻፈው።

የናፍጣ ቦይለር የኤሌክትሪክ መስመር ሁለት ነው። አንደኛው የኃይል መስመር ነው፤ 380 ቮልቱ በብሬከር፣ በኮንታክተርና በኦቨርሎድ አልፎ የበርነሩን ሞተርና ፓምፖቹን ያዞራል። ይህን ማንኛውም የሠለጠነ ኤሌክትሪሺያን ያውቀዋል። ነፍስ ያለበት ሁለተኛው፣ ባለ 220 ቮልቱ የመቆጣጠሪያ መስመር ነው። ፌዙ ከፊውዙ ተነስቶ በውኃ ማነስ መቆጣጠሪያው፣ በቴርሞስታቱ፣ በከፍተኛ ሙቀት ማቋረጫውና በግፊት ስዊቹ ተራ በተራ ካላለፈ በርነሩ ጋ አይደርስም። ከነዚህ አንዱ ካቋረጠ እሳት የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ማቋረጫዎቹ መቀመጥ ያለባቸው ፌዙ ላይ እንጂ ኒውትራሉ ላይ አይደለም። አሠርቶ ለሚረከብ ሰው ልዩነቱ አይታየውም፤ በሁለቱም መንገድ ቦይለሩ ይነሳል፣ ቴርሞስታቱ ሲጠመዘዝም ይጠፋል። ልዩነቱ የሚታየው ሽቦ የተላጠ ቀን ነው። ማቋረጫዎቹ ኒውትራል ላይ ከሆኑ የናፍጣው ሶሌኖይድ ቫልቭ ፌዝ ሁልጊዜ አለው። ከቫልቩ የሚመለሰው ሽቦ ከበርነሩ ቆርቆሮ ጋር ሲፋተግ ተልጦ አካሉን ከነካ፣ ኤሌክትሪኩ ማቋረጫዎቹን ትቶ በመሬት ገመዱ በኩል መንገድ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ቴርሞስታቱ ቢያቋርጥም፣ ውኃው ቢያልቅም ቫልቩ አይዘጋም። ፊውዙም አይቃጠልም፤ የሚያልፈው ቫልቩ የሚወስደው ትንሽ ኤሌክትሪክ ብቻ ነውና። ፌዙ ላይ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ የተላጠው ፌዝ አካሉን በነካ ቅጽበት ፊውዙ ይቃጠልና ቦይለሩ ይቆም ነበር።

በርነርን በሶኬት ማገናኘትን የምቃወመውም ለዚሁ ነው። እኛ አገር የለመድነው ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬት ተገልብጦም ይገባል። ለጽዳት የነቀለው ሰው ገልብጦ ከሰካው ፌዝና ኒውትራል ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ትክክል የተሠራው ሥራ ሁሉ በአንድ አፍታ ይበላሻል። ቦይለር የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ቋሚ መስመር ይገባዋል።

ጄኔሬተር የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ሆቴል ቦይለሩ በከተማው መብራት ደህና ይሠራል፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ ግን ቀዩን መብራት አብርቶ ይዘጋል። ኖዝል ተቀይሯል፣ ፊልትሮ ተቀይሯል፣ ፎቶሴል ተቀይሯል። ጄኔሬተር በሚሠራበት ሰዓት የውኃ ግፊትም ይቀንስ ነበር፤ ሁሉም ያሳበቡት በጄኔሬተሩ አቅም ማነስ ነው። ጄኔሬተሩን አስነስቼ የሞተሩን ማራገቢያ በባትሪ ሳየው ከቀስቱ ምልክት ተቃራኒ ይዞራል። ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ የውኃ ግፊቱም የቀነሰው ለዚሁ ነው። የበርነር ነፋሽ ወደ ኋላ ዞሮም ቢሆን በመጠኑ ንፋስ ስለሚሰጥ ድምፁ ያታልላል። በዚያው ዘንግ ላይ ያለው የናፍጣ ፓምፕ ግን ወደ ኋላ ሲዞር ናፍጣ አይስብም። ማስተካከያው ሁለት ገመድ ማለዋወጥ ብቻ ነው፤ ግን ሞተሩ ላይ ሳይሆን ከጄኔሬተር በሚመጣው መስመር ላይ። ሞተሩ ላይ ቢሆን ችግሩ ወደ ከተማው መብራት ይዞር ነበር።

ብዙ ጊዜ ዳይሬክት ተደርጎ የማገኘው የውኃ ማነስ መቆጣጠሪያው ነው። የመቆጣጠሪያው ኤሌክትሮድ የሚልከው ትንሽ ኤሌክትሪክ በውኃው አልፎ በቦይለሩ አካል በኩል ይመለሳል። ኤሌክትሮዱ በውኃ ድንጋይ ከተሸፈነ ወይም ከአካሉ የሚመለሰው ሽቦ ከላላ፣ መቆጣጠሪያው "ውኃ የለም" ብሎ ቦይለሩን ያቆማል። ውኃው በመስታወቱ እየታየ ቦይለሩ እምቢ ሲል ሠራተኛው ይናደድና በሽቦ ያገናኘዋል። ኤሌክትሮዱን ማጽዳትና ብሎኑን ማጥበቅ ይበቃ ነበር።

ስለ ገመዱም ልበል። ተራው የፒቪሲ ገመድ የሚችለው 70 ዲግሪ ነው፤ በርነሩ አፍ ላይ ሲሰነብት እንደ ደረቀ ቂጣ ይሰባበራል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ሲሊኮን ገመድ ነው። ሞተር ደግሞ በተለምዶ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደሚገባው አያቀዘቅዘውም። ኦቨርሎዱ ቶሎ ቶሎ ሲያቋርጥ ቁጥሩን ከሞተሩ ታርጋ በላይ ማሳደግ ሞተሩን ማቃጠል ነው።

መቆጣጠሪያዎች ሥራቸውን ሲያቆሙ የሚሆነውን ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ስፔንሰር ከተማ፣ ስታር በተባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የውኃ ማሞቂያ ፈንድቶ ሰባት ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ በራሳቸው የሚነሱ ቦይለሮች ማጥፊያቸው ከክፍሉ በር ውጭ እንዲሆን ያዛል። እኛ ጋ ብዙ ቦታ ማጥፊያውን የማገኘው ከቦይለሩ ጀርባ ነው፤ እሳት ሲነሳ ማንም ሊደርስበት የማይችልበት ቦታ።

የሆቴል፣ የሆስፒታል፣ የፋብሪካ ኃላፊዎች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ባለሙያ ጠርታችሁ ፓኔሉን አስከፍቱ። ማቋረጫዎቹ ፌዙ ላይ መሆናቸውን፣ በቁራጭ ሽቦ የተዘለለ መቆጣጠሪያ አለመኖሩን በዓይናችሁ ፊት ያሳያችሁ። ማጥፊያውንም ከበር ውጭ አስወጡት።