ጉዳይን የሚያጓትት ሠራተኛውንም ያደክማል

በከተማ ከሚኖሩት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ነው። አባት ወይም እናት፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱም፣ ጧት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። የዋሉትም ድንጋይ ሲፈልጡ ሳይሆን ተቀምጠው ደብዳቤ ሲያረቅቁ፣ መዝገብ ሲያገላብጡና ባለጉዳይ ሲያስተናግዱ ነው። ነገር ግን ማታ እንደ ቀን ሠራተኛ ዝለው ይገባሉ፤ ልጅ ስለ ትምህርቱ ቢጠይቃቸው እንኳ ለመመለስ አቅም ያጣሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ባለጉዳዩ ስለ አንዲት ፊርማ ሳምንት ሙሉ ደጅ ሲጠና ይሰነብታል። ሠራተኛው ይደክማል፤ ሥራው ግን አይሄድም። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ፤ በመሠረቱ ግን ምንጫቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

የጽሕፈት ቤት ሥራ በሰው ጤና ላይ ምን እንደሚያደርስ ከመረመሩት ጥናቶች ስመ ጥር የሆነው በእንግሊዝ አገር የተደረገው ነው። በለንደን ከተማ ዋይትሆል የሚባለው ጎዳና የመንግሥቱ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች የሚገኙበት ስለ ሆነ፣ ጥናቱም በዚሁ ስም ይጠራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 የተጀመረው ይህ ጥናት ከ17,000 የሚበልጡ ወንዶች የመንግሥት ሠራተኞችን ጤና መርምሮ፣ ከዚያ በኋላ ማን በምን በሽታ እንደ ሞተ ሲከታተል ቈየ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የልብ በሽታን የታላላቅ ሹማምንት በሽታ አድርጎ ይቈጥረው ነበር፤ ኀላፊነት የበዛበት ሰው ሐሳብ ይበዛበታልና።

የተገኘው ውጤት ግን የዚህ ተቃራኒ ሆነ። በዐሥር ዓመት ክትትል ውስጥ በመጨረሻው ደረጃ ከነበሩት፣ ማለት ከመልእክተኞችና ከበር ጠባቂዎች መካከል፣ በልብ በሽታ የሞቱት ሰዎች መጠን ከከፍተኞቹ ሹማምንት ጋራ ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ሕክምናም በዚያ አገር ለሁሉ በነጻ ይሰጥ ነበር። ሲጋራ ማጤስና የደም ግፊት ተቈጥረው እንኳ የልዩነቱን ከፊል ብቻ እንጂ ሁሉን ሊያስረዱ አልቻሉም።

ምክንያቱን ለመፈለግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ሁለተኛ ጥናት ተጀመረ። በፕሮፌሰር ማይክል ማርሞት መሪነት ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 ዓመት የሆነ 10,308 ወንዶችና ሴቶች ተመዘገቡ። በዚህ ጊዜ አካላቸውን ከመመርመር ጋራ ስለ ሥራቸውም ተጠየቁ፤ ይኸውም ሥራቸውን በምን አኳኋን እንደሚሠሩ ራሳቸው ለመወሰን ይችሉ እንደ ሆነ ነው። በ1997 የታተመው ውጤት፣ በሥራቸው ላይ የመወሰን ድርሻቸው ያነሰው ሰዎች በሚቀጥሉት ዓመታት በልብ በሽታ ይበልጥ የተጠቁ መሆናቸውን አሳየ። ከዚህ የምንማረው የሥራ ብዛት አይጎዳም ማለትን አይደለም። ሥራው በዝቶ የመወሰን ሥልጣኑ ሲያንስ ሸክሙ እጅግ ይከብዳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን መሥሪያ ቤት እንመለስ። አንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ያቀርባል። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ከፋይሉ ጋራ ተያይዞ ወደ ኀላፊው ይቀርባል፤ ኀላፊውም «አቶ እገሌ ይመልከቱት» ብለው ይመሩታል። አቶ እገሌ መርምረው የመልሱን ረቂቅ ያዘጋጃሉ፤ ረቂቁም እንደ ገና ወደ ኀላፊው ይመለሳል፤ ታርሞ ይጻፋል፤ ለፊርማ ይቀርባል፤ ማኅተም ተመትቶበት ወጪ ይሆናል። ኀላፊው ስብሰባ ላይ የዋሉ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ይቆማል። አቶ እገሌ የጉዳዩን መልስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁታል፤ ደንቡ የታወቀ፣ መቶ ጊዜ የሠሩት ነው። ነገር ግን ለባለጉዳዩ ሊሉት የሚችሉት «ነገ ይመለሱ» ብቻ ነው። ባለጉዳዩ እርሳቸውን ይቆጣል፤ ኀላፊውም «ስለ ምን ዘገየ?» ብለው ይወቅሷቸዋል። ከሁለት ወገን እየተወቀሰ አንዳች ሊወስን የማይችል ሰው ማታ ዝሎ ቢገባ አያስደንቅም።

ውሎ አድሮ እንዲህ ያለው ሠራተኛ ራሱን መጠበቅ ይጀምራል። ነቀፋ እንዳያገኘው ፋይሉን ለሌላ ክፍል «አስተያየት ይሰጥበት» ብሎ ይልካል፤ አንድ ፊርማ የሚበቃውን በሦስት ያስፈርማል። በዚህም ምክንያት የእርሱን መንፈስ ያደከመው ነገር የባለጉዳዩንም መንገድ ያረዝመዋል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መድኀኒት ሰው መጨመር ነው። ነገር ግን የታሪክ ሊቅ የሆነው እንግሊዛዊው ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1955 ኢኮኖሚስት በተባለው የለንደን ሳምንታዊ መጽሔት ላይ የአገሩን የባሕር ኀይል ምሳሌ አቅርቦ ነበር። ከ1914 እስከ 1928 ባለው ጊዜ ታላላቆቹ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ሲወርዱ፣ በባሕር ኀይሉ መሥሪያ ቤት ያሉት ሹማምንት ከ2,000 ወደ 3,569 ከፍ አሉ። መርከቡ ሲያንስ ጸሓፊው በዛ። ሠራተኛ ሲበዛ እርስ በርሱ የሚጻጻፈው ይበዛል እንጂ ባለጉዳዩ ቶሎ ይሸኛል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ ሳያስፈልጋቸው ሊፈጸሙ ከሚችሉት ጥቂቱን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ ጉዳዮች ይለዩ። ደንባቸው የታወቀና ዘወትር የሚመጡትን ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛ በስሙ ፈርሞ ይጨርሳቸው፤ ከደንብ የወጡትና አጠራጣሪዎቹ ብቻ ወደ ኀላፊው ይቅረቡ። ኀላፊውም ከተፈጸሙት ጥቂቱን በየሳምንቱ እያወጡ ይመርምሩ።

ሁለተኛ፣ ኀላፊው በሌሉ ጊዜ የሚፈርመው ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ይወከል።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የሚያስፈልገው ማስረጃና የሚፈጀው ቀን በበሩ ላይ ይለጠፍ። ባለጉዳዩ ስንት ቀን እንደሚጠብቅ ሲያውቅ አይመላለስም፤ ሠራተኛውም በአንድ ቀን መቶ ጊዜ ለአንድ ጥያቄ መልስ ከመስጠት ያርፋል።

አራተኛ፣ ኀላፊው በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው «ሥራችሁን ያሰናከለው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ከሰሙትም አንዱን እንኳ በዚያው ሳምንት ያቃኑ።

የምሳ ሰዓት መከበሩ፣ በቂ ብርሃንና ወገብ የማያሳምም ወንበር መኖሩም የሚናቅ አይደለም።

«ሥልጣን ለታናሹ ቢሰጥ ጉቦ አይበዛም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጉቦ የድኻን ቤት የሚያፈርስ ነገር ነውና። ነገር ግን ጉቦ የሚመቸው የጉዳዩ ቀን ባልታወቀበትና ፋይሉ የት እንደ ደረሰ በማይታይበት ቦታ ነው። ስድስት ሰው የፈረመበት ወረቀት ቢበላሽ ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ይላል፤ አንድ ሰው በስሙ የፈረመበት ግን ተጠያቂው የታወቀ ነው። ደንቡ ተለጥፎ፣ ቀኑ ተወስኖ፣ ምርመራውም ሳይቋረጥ ሲደረግ፣ ሥልጣን መስጠት ጉቦን ያጠባል እንጂ አያሰፋም።

ይህ አሠራር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የኔታ ብቻቸውን መቶውን ሕፃን አያስተምሩም። ቀደም ያለው ተማሪ አዲሱን ፊደል ያስቈጥረዋል፤ ከፍ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታም የከበደውን ይፈታሉ፤ የተሳሳተውን ያርማሉ። ታናሹ ይማራል፤ ያስቀጸለውም የያዘው ትምህርት ይጸናለታል፤ መምህሩም ከማይቻል ሸክም ይድናሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ዛሬ ኮምፒዩተር በብዙ ጠረጴዛ ላይ ገብቷል፤ በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን ጉዳይ በአንድ አዳራሽ ለማስፈጸም የታሰበ ነው። መልካም ጅምር ነው። ሆኖም በየትኛውም መሥሪያ ቤት ቢሆን፣ ወረቀቱ በመሣሪያ ፈጥኖ ደርሶ የዚያኑ የአንድ ሰው ፊርማ የሚጠብቅ ከሆነ፣ መጠበቁ ከፋይል ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

ከአንባቢዎቻችን መካከል በኀላፊነት ላይ ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። በዚህ ሳምንት ለፊርማ ከቀረቡላችሁ ፋይሎች የእናንተ ሐሳብ በእውነት ያስፈለገባቸው ስንቶቹ እንደ ሆኑ ቍጠሩ። የቀሩትን እንዴት እንደሚፈጽማቸው ለሚያውቀው ሠራተኛ በጽሑፍ አስረክቡት። ያን ጊዜ ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ሰው በዕለቱ ወደ አገሩ ይሳፈራል፤ ሠራተኛውም ማታ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ የቤት ሥራውን ለማየት አቅም ይተርፈዋል።