ከስፖርት በፊት የሚጠጣው ዱቄት፦ ምን ያህሉ በማስረጃ ይደገፋል?

በዛሬው ፕሮግራማችን በተለይ ወጣቶቻችንን የሚመለከት ጉዳይ ይዘን ቀርበናል።

ከደጀን ተነስቶ፣ በቢቸና አልፎ፣ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የሚያመላልሰው ጤፍና ማር ብቻ አይደለም። ክብደት የሚያነሳና የሚሮጥ ወጣት ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ወይም ከዓረብ አገር በዘመድ እጅ ተልኮ የሚደርስ የታሸገ ዱቄትም አለ። «ከስፖርት በፊት ጠጡት፣ ጉልበት ይሰጣል» ይባላል። እውነት ይሰጣልን?

«ጓደኛዬ ጠጥቶ በረታ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በሚገባ ያሳየናል። ስድስት ብስክሌተኞች አንዳንዴ ካፌይን እንደሚሰጣቸው፣ አንዳንዴ እንደማይሰጣቸው ተነገራቸው። በእውነቱ የተሰጣቸው ሁልጊዜ ምንም የሌለበት ማስመሰያ ነበር። ሆኖም ብዙ ካፌይን ወስደናል ብለው ባመኑበት ጊዜ ጉልበታቸው በ3 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ አልወሰድንም ብለው ባመኑበት ጊዜ ደግሞ ቀነሰ። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ዱቄቱን ከማስመሰያው ጋር ያነጻጽራል፤ ማን የትኛውን እንደወሰደም ወሳጁ እንዳያውቅ ያደርጋል። እኛም ስለ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ከምን ጋር ተነጻጸረ? ምን ያህል ተወሰደ? ያ መጠን በዕቃው ላይ ተጽፏልን?

በዚህ ሚዛን ስንመዝን በቀዳሚነት የሚቆመው ካፌይን ነው። በሰውነት ክብደት በእያንዳንዱ ኪሎ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ከእንቅስቃሴው አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ሲወሰድ ለብዙ ሰዎች ጥቅሙ በተደጋጋሚ ታይቷል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት ዝቅተኛው መጠን 180 ሚሊ ግራም ነው። በ200 ሚሊ ሊትር የተጣራ ቡና ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሚገኝ፣ እንዲህ ያለ ሁለት ስኒ ቡና ይበቃል ማለት ነው። በውድ ዋጋ የምንገዛው ዋናው ነገር እናቶቻችን በጀበና የሚያፈሉት ሆኖ ተገኘ!

ሁለተኛው ክሬያቲን ነው። ለአጭር ጊዜ ኃይለኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ክብደት ለማንሳት፣ የሚጠቅም መሆኑ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። ነገር ግን በየቀኑ ከ3 እስከ 5 ግራም ለሳምንታት ተወስዶ በጡንቻ ውስጥ የሚጠራቀም እንጂ፣ ጠጥተውት ወዲያው የሚያበረታ አይደለም። ቤታ አላኒንም እንዲሁ ሳምንታት ይፈልጋል። ሲወሰድ ቆዳን ይነዝራል፤ ብዙዎች «ሠራ» የሚሉት ይህንን ንዝረት ነው። ንዝረቱ ግን የጉልበት ምልክት አይደለም። በቀይ ሥር ውስጥ የሚገኘው ናይትሬትም መጠነኛ ጥቅም ታይቶበታል፤ በደንብ በሠለጠኑ ሯጮች ላይ ግን ጥቅሙ ያንሳል። ሲትሩሊን የተባለው ውጤቱ የተደባለቀ ነው። አርጂኒን በአብዛኛው የተባለለትን አላሳየም። «ቢሲኤኤ» የሚባሉትም ፕሮቲን በበቂ ለሚመገብ ሰው የሚጨምሩት ነገር ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ያልተነገረው ነው። አንዳንድ አምራቾች የንጥረ ነገሮቹን ስም ደርድረው «ልዩ ቅልቅል» ብለው የእያንዳንዱን መጠን ይደብቃሉ። አንዳንዱ ምርት በአንድ ማንኪያ 300 ሚሊ ግራምና ከዚያም በላይ ካፌይን ይይዛል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤነኛ ጎልማሳ በአንድ ጊዜ ከ200፣ በቀን ከ400 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው። ዲኤምኤኤ የተባለው አነቃቂ በእነዚህ ዱቄቶች ውስጥ ሲሸጥ ቆይቶ የደም ግፊትን ከፍ በማድረጉ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አምራቾችን አስጠንቅቋል፤ በስፖርት ውድድርም የተከለከለ ነው። በአበረታች መድኃኒት ሕግ መሠረት በሰውነቱ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ስፖርተኛው ራሱ ነው፤ «በዱቄቱ ውስጥ መኖሩን አላወቅሁም» ማለት ከተጠያቂነት አያድነውም። ነገ ለአገር እሮጣለሁ የሚል የሞጣ ወጣት በአንድ ማንኪያ ዱቄት የብዙ ዓመት ልፋቱን ሊያጣ ይችላል።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ሁለት ነገር እናክል። በእንክብል የሚመጣው ዓይነት ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከአሳማም ከከብትም ይሠራል። ስለዚህ ምንጩን ሳናጣራ አንዋጠው። በረመዳን ከተራዊሕ በኋላ ስፖርት የምንሠራም ከሆነ፣ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል እንደሚፈልግ እናስታውስ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሱሑርም ይከብደዋል፤ የጾሙ ቀንም ይረዝምበታል።

ውድ አድማጮቻችን! ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ሥራና ሩጫ ኃይል ሰጪ ምግብ እንደሚያግዝ ማስረጃው ጠንካራ ነው። የገብስ በሶ በማር የተበጠበጠ፣ በቂ ውኃ፣ በቂ እንቅልፍ፣ ለሚስማማውም አንድ ሁለት ስኒ ቡና፤ ከቢቸና ገበያ የማይጠፉ ናቸው። ዱቄቱን መግዛት የሚፈልግም በአገራችን የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን ይጠይቅ፤ መጠኑ ያልተጻፈበትን ይመልስ። ገንዘባችንም ጤናችንም አማና ናቸውና።