ከመኪና ግርግር እስከ ወደብ፦ የልብስ ወጪ ንግዳችን ፈተናና ተስፋ

በሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስያሜውን ያገኘው ከስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች ገበያተኛው የመረጠውን ጨርቅ ለክተውና ቆርጠው ይሰፋሉ። ጨርቁ ግን በአመዛኙ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የአገራችን የልብስ ወጪ ንግድ ዐቢይ ችግርም ይኸው ነው፤ ሰፊ አለ፣ የሚሰፋው ጨርቅ ግን ከሌላ አገር ይመጣል።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረርን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የከተማይቱ የእጅ ሽመና ውጤቶች በውበትም ሆነ በጥንካሬ ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ እንደሚበልጡ መስክሯል። ጥጡ በአካባቢው ኮረብቶች ይበቅል፣ እዚያው ይፈተልና ይሸመን ነበር። ጨርቁም ከከተማይቱ ወደ ውጭ ከሚላኩ ሸቀጦች አንዱ ነበር።

ጥጥ ልብስ እስኪሆን ድረስ ይዳመጣል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ይቀለማል፣ በመጨረሻም ተቆርጦ ይሰፋል። እያንዳንዱ እርከን በምርቱ ላይ ዋጋ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዋነኛነት ያተኮረው በመጨረሻው እርከን ላይ ነበር። አብዛኛው ጨርቅ፣ ክርና ቁልፍ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ የተሰፋው ልብስ በዚያው ወደብ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሸሚዝ የመጓጓዣ ወጪን ሁለት ጊዜ ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ላኪውን ቢጠቅምም፣ የጥሬ ዕቃው ዋጋም በብር ሲተመን አብሮ ስለሚንር ጥቅሙ ይቀንሳል።

ዝቅተኛ ደመወዝስ ይህን ጉድለት አይሞላምን? እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት የሐዋሳ ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደነበር ያሳያል። በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይና ምግብ መሸፈን አዳጋች በመሆኑ፣ ብዙ ሠራተኞች የሥራ ፍጥነትና ጥራት ሳያዳብሩ ይለቁ ነበር። በደመወዝ የተቆጠበው ገንዘብ በምርታማነት ማነስ ይባክናል ማለት ነው።

ሌላው ፈተና የገበያ ጥገኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአሜሪካ አጎዋ ሕግ ልብሳችን ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዚህ ዕድል ታገደች። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም ከእገዳው ቀደም ብሎ በኅዳር 2021 የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቋል። በአንድ ገበያ ላይ የቆመ ኢንዱስትሪ አንድ ውሳኔ ሊያናጋው እንደሚችል በዚህ ታየ።

መፍትሔው የተበጠሰውን ሰንሰለት መቀጠል ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም እርከን በሁሉም ስፍራ አይተከልም። አንድ ኪሎ ግራም ጨርቅ በተለመደው ዘዴ ለማቅለምና ለማጠናቀቅ 100 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። ሐረር ደግሞ ውሃ ታገኝበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመድረቁ ለብርቱ ጥም ተዳርጋ ነበር። ስለሆነም እዚህ ማቅለሚያ መትከል የሚታሰበው እንደ ሐዋሳ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ሥርዓት ሲኖር ብቻ ነው። ቆርጦ መስፋት ግን ብዙ ውሃ አይጠይቅም።

ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ድሬዳዋ የኢንዱስትሪ ፓርክና ወደ ጅቡቲ የሚዘልቅ የባቡር መስመር አላት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋም ለአሠርት ዓመታት ክርና ጨርቅ አምርቷል። ፈትሉና ሽመናው በድሬዳዋ ቢጠናከር፣ የሐረር ሰፊዎችም የውጭ ገዢ የሚጠይቀውን ወጥ ልኬትና የጥራት ቁጥጥር ቢሠለጥኑ፣ ሁለቱ ከተሞች እርስ በርስ ሊደጋገፉ ይችላሉ። የመኪና ግርግር ሙያ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው፤ የጎደለው ከበስተጀርባው የሚቆም የአገር ጨርቅና ሰፊውን በሥራው የሚያቆየው ክፍያ ነው።