ያውቁ ኖሯል? የባሕር ሥሩ ጥቁር ድንጋይ

ከምድር ገጽ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሳልት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አያዩትም እንጂ! በውቅያኖሶች ሥር ደለልና ውኃ ለብሶ ተኝቷል።

ይህ ድንጋይ የሚወለደው እሳት ተጨምሮበት አይደለም! በጥልቁ ያለው ትኩስ አለት ወደ ላይ ከፍ ሲል የተጫነው ክብደት ይቀልለታል፤ ያኔ ራሱ መቅለጥ ይጀምራል። እሱም ከመቶው 10 ያህሉ ብቻ!

ቅላጩ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ይወጣና በረዶ ሊሆን ጥቂት ከቀረው ውኃ ጋር ይገናኛል። እስቲ ያስቡት! ቆዳው በቅጽበት ጥቁር መስታወት ይሆናል፤ ሆዱ ግን ገና ቀይ ነው። ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ ሌላ ጉብታ ብቅ ይላል፤ እሱም በተራው ያብጣል። በመጨረሻ ድፎ ዳቦ የተከመረ ይመስላል! ሳይንቲስቶች «የትራስ ላቫ» ይሉታል፤ እኔ ግን ድፎውን እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ይኸው፦ ከአትላንቲክ ወለል የተጎተቱ አንዳንድ ባሳልቶች መርከብ ላይ እንደ ፈንዲሻ ጧ! ጧ! እያሉ ይፈነዳሉ! በውስጣቸው የታመቀው ጋዝ የባሕሩ ጫና ሲለቀው መውጫ ፍለጋ ነው።

ባሕሩና ድንጋዩ ይገበያያሉ! ውኃው በስንጥቅ ይገባል፤ ማግኒዚየም ይሰጣል፣ ካልሲየም ይቀበላል። ብረትና ድኝ ተሸክሞ፣ ከ350 ዲግሪ በላይ ግሎ ሲመለስ ጥቁር ጭስ ይመስላል። ያም ሆኖ አይፈላም! ከላዩ ያለው ውኃ ተጭኖታል።

ምድር ስትፈጠር የታሰረ ሂሊየም ዛሬም ከዚህ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል! 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል በምድር ሆድ ተደብቆ!

ባሳልት ሲቀዘቅዝ የምድርን መግነጢስ አቅጣጫ በውስጡ ያትማል። መግነጢሱ በተገለበጠ ቁጥር ኅትመቱም ይገለበጣል፤ የባሕሩ ወለል እንደ ጥለት ባለ መስመር ነው! ሳይንቲስቶቹ ቫይንና ማቲውስ ምስጢሩን የፈቱት በ1963 እ.ኤ.አ. ነው።

በየብስ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ አለቶች ሞልተዋል። የውቅያኖሱ ወለል ግን ከሞላ ጎደል 200 ሚሊዮን እንኳ አልደፈነም! አሮጌው ወደ ምድር ሆድ ተመልሶ ይሰምጣል።

እንዲህ ያለ ወለል ሲነጠፍ ለማየት መጥለቅ አያስፈልግዎትም! መስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ ዳባሁ አካባቢ፣ ቅልጥ ባሳልት ከመሬት ሥር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሰንጥቆ ገባ። በሳምንታት ውስጥ ምድር እስከ 8 ሜትር ተከፈለች! ባሕሩ ገና አልደረሰም፤ ወለሉ ግን እየተነጠፈ ነው፤ በእግርዎ ይረግጡታል!