የዶክትሬት ዕጩዎች ከምረቃ በፊት ለሥራ ፍለጋ ሊያደርጉት የሚገባ ዝግጅት

መግቢያ

በኢትዮጵያ የዶክትሬት ትምህርት በአገር ውስጥ መሰጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ ይኸው ትምህርት በየክልሉ በሚገኙ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል። ከዕጩዎቹ ብዙዎቹ ከሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ፈቃድ የመጡና ሲመረቁ ተመልሰው ለማገልገል ውል የገቡ ስለሆኑ የሥራ ሥፍራቸው ይጠብቃቸዋል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት ወይም ከሌላ መሥሪያ ቤት ተነሥተው በራሳቸው ወጪ የሚማሩት ግን የምረቃው ዕለት ሌላ ፈተና የሚጀምርበት ዕለት ይሆንባቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ዕጩዎች በመጨረሻው የትምህርት ዓመታቸው ምን ማዘጋጀት እንደሚገባቸው፣ የትምህርት ክፍሎችና የዕቅድ ባለሙያዎችም በምን ሊረዷቸው እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኞች ዕጩውን የሚጠይቁት ያገኘው አዲስ ዕውቀት ምን እንደሆነና በምን ዘዴ እንዳረጋገጠው ነው። ቀጣሪው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። የትኞቹን ኮርሶች ማስተማር ይችላል? የየትኞቹን ተማሪዎች ጥናት ሊመራ ይችላል? ወደፊትስ ምን ሊመራመር ያስባል? ለፊተኛው ጥያቄ በብቃት የመለሰ ዕጩ ለኋለኛው መልስ ሊያጣ የሚችለው ዕውቀት ስለጎደለው ሳይሆን አስቀድሞ ስላላሰበበት ነው።

ለምሳሌ በአንደኛ ክፍል ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብን እንዴት እንደሚለምዱ ያጠና ዕጩ ቢኖር፣ ለፈታኞቹ የናሙናውን አመራረጥና የመለኪያውን አስተማማኝነት ያስረዳል። ለመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሲያመለክት ግን ከጥናቱ ተነሥቶ ለዕጩ መምህራን የንባብ ማስተማሪያ ዘዴን እንዴት እንደሚያስተምር ማሳየት አለበት። ለክልል ትምህርት ቢሮ ቢያመለክት ደግሞ ጥናቱ በመማሪያ መጽሐፍ ዝግጅት ወይም በመምህራን ሥልጠና ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ በሁለት ገጽ ሊያብራራ ይገባዋል። ጥናቱ አንድ ቢሆንም አቀራረቡ ሦስት ነው። ሦስቱም በአንድ ቀን ተጽፈው የሚያልቁ አይደሉም።

የጊዜ አመዳደብ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ይህን ሥራ ከምረቃ በኋላ መጀመር ብዙ ጉዳት አለው። አንድ የሥራ ማስታወቂያ ለምዝገባ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ከቀድሞው መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን መልቀቂያ ለማሟላት የሚሮጥ ሰው ማመልከቻውን በሚገባ ለመጻፍ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ሥራውን እንደሚከተለው ማከፋፈል ይጠቅማል።

ሀ. ከምረቃ አንድ ዓመት በፊት፦ ከመመረቂያ ጽሑፉ አንዱን ምዕራፍ ለመጽሔት በሚሆን መልክ አዘጋጅቶ መላክ። ጽሑፍ በባለሙያዎች ተመርምሮ እስኪታተም ብዙ ወራት ስለሚወስድ ይህ ከሁሉ መቅደም አለበት።

ለ. ከስድስት ወር በፊት፦ ሊያስተምራቸው የሚችሉትን ሁለት ወይም ሦስት ኮርሶች መርጦ ዝርዝር መርሐ ትምህርት ማርቀቅ፤ የትምህርትና የሥራ ታሪክ መግለጫ ማዘጋጀት፤ የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፉለትን መምህራን ማነጋገር። አማካሪው የዕጩውን ጥናት ያውቃል፤ በክፍል ውስጥ ሲያስተምር ግን አይቶት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ስለ ማስተማር ችሎታው የሚመሰክር ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ሐ. ከሦስት ወር በፊት፦ ማስረጃዎችን በሙሉ አሰባስቦ በአንድ መዝገብ ማስቀመጥ፤ ለቃለ መጠይቅና ለማሳያ ትምህርት መለማመድ።

ወደ ውጭ አገር ለማመልከት የሚያስብ ዕጩ የየአገሩን የጊዜ ሰሌዳ ማወቅ ይኖርበታል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመጣው የትምህርት ዘመን የሚፈለጉ ቋሚ መምህራን ማስታወቂያ በብዛት የሚወጣው ትምህርቱ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ በመጸው ወራት ነው። ይህን ያላወቀ ተመራቂ ሙሉ ዓመት ሊያመልጠው ይችላል።

የማሳያ ትምህርት

በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ የማሳያ ትምህርት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ አመልካቾች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሙሉ በጥቂት ደቂቃዎች ለመጨረስ ሲጣደፉ ይታያሉ። አድማጮቹ ግን ከልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፎች የመጡ ስለሆኑ አንድን ሐሳብ በግልጥ ምሳሌ አስረድቶ መጨረስ ይሻላል። ቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ዕጩ በዚህ ረገድ ብልጫ አለው። ከባድ ሐሳብን ለጀማሪ ማስረዳትን፣ ሰዓት መጠበቅን፣ የተማሪን ጥያቄ በትዕግሥት መመለስን ለዓመታት ተለማምዷል። ይሁን እንጂ አንዳንዶች ይህን አገልግሎታቸውን ዝቅተኛ ቆጥረው ከማመልከቻቸው ይተዉታል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

የትምህርት ክፍሎችና የዕቅድ ባለሙያዎች ድርሻ

ኃላፊነቱ በዕጩው ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። አንድ የትምህርት ክፍል ለመጨረሻ ዓመት ዕጩዎች ቢያንስ አንድ ኮርስ በመምህር ክትትል እንዲያስተምሩ ቢፈቅድ፣ በወር አንድ ጊዜም የማሳያ ትምህርት የሚለማመዱበት ጉባኤ ቢያዘጋጅ ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቅ ብዙ ሊረዳ ይችላል። የዕቅድ ባለሙያዎችም በየዓመቱ የሚመረቁትን ዕጩዎች በትምህርት ዘርፍ ለይተው በመመዝገብ ከዩኒቨርሲቲዎች፣ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና ከምርምር ተቋማት የሰው ኃይል ፍላጎት ጋር አስቀድመው ቢያገናዝቡ፣ በአንድ ሥፍራ መምህር እየታጣ በሌላው ባለ ዶክትሬቱ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበትን ሁኔታ መቀነስ ይቻላል።

ማጠቃለያ

ከምረቃ በኋላ ያለ ሥራ የሚያልፉ ወራት ቤተሰብን ከማስቸገራቸውም በላይ ዕውቀትን ያደበዝዛሉ። ተመራቂው ከቤተ መጻሕፍቱና ከቤተ ሙከራው ይርቃል፤ ያልታተመው ጥናቱም ያረጃል። ለዓመታት የተደከመበት ጥናት ለተማሪና ለአገር የሚደርሰው ጥናቱን የሠራው ሰው ተገቢውን የሥራ ሥፍራ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ለሥራ ፍለጋ መዘጋጀት የዶክትሬት ትምህርት የመጨረሻ ክፍል ተብሎ ሊቆጠርና በዕቅድ ሊያዝ ይገባዋል።