«ሁሉም አለን» የሚል ሱቅ ማን ያስታውሰዋል?

እስቲ እንጠያየቅ! መርካቶ የወረደ ሰው ዝም ብሎ ይንከራተታል እንዴ? የአገር ልብስ የፈለገ ሸማ ተራ፣ አሮጌ ብረታ ብረት የፈለገ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ዕቃው ተራ አለዋ!

ታዲያ ዛሬ በስልኩ ሱቅ የሚከፍተው ወጣት ይህን ለምን ይረሳል? ጫማውን፣ ሽቶውን፣ የስልክ ሽፋኑን አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ያራግፍና «ገዢ ጠፋ» ይላል። ኧረ ገዢው መቼ ተራችሁን አወቀና!

ዛሬ የማይሸጠው ነገር የሌለ የሚመስለው አማዞን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ሲጀምር መጽሐፍ ብቻ ነበር የሚሸጠው። ለምን ቢሉ፣ የመጽሐፍ ዓይነት ከመብዛቱ የተነሳ ሁሉንም መደርደር የሚችል መደብር የለም። ኢንተርኔት ላይ ግን ይቻላል። ብልሃቱ ይሄ ነው፤ የመንገድ ዳር ሱቅ የማይዘውን መያዝ።

አንዲት የአዲስ አበባ ወጣት የእቁብ ብሯን በሙሉ ቅይጥ ዕቃ ገዛችበት። ዕቃው ስድስት ወር አልጋዋ ሥር ተኛ። ቤተሰብ «ብሩስ?» ሲላት መልስ አጣች። አንድ ቀን የተጻፈላትን ሁሉ መለስ ብላ ስታነብ «የሴት ጫማ 42 ቁጥር አለሽ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ መጣባት። ለካ እግራቸው ረዘም ያለ ሴቶች ከሱቅ ሱቅ ዞረው ሲያጡ የወንድ ጫማ ነው የሚገዙት! ሌላውን ዕቃ በመግዣው ዋጋ አራግፋ ከ41 እስከ 43 ቁጥር የሴት ጫማ ብቻ ያዘች። አሁን ደንበኞቿ ራሳቸው ይጠራሩላታል።

እናንተስ? ብር ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን መልሱ፤

1ኛ. ገዢዬ ማነው? «ሁሉም ሰው» ካላችሁ ማንም የለም ማለት ነው።

2ኛ. ዕቃው ሰፈር ውስጥ ይገኛል? ከተገኘ ለሞተረኛ ከፍሎ ማን ይጠብቃችኋል?

3ኛ. ወጪውን ችሎ ያተርፋል? በ2,000 ብር የገዛችሁትን በ2,500 ስትሸጡ 500 አተረፍን አትበሉ። የማድረሻው፣ የተበላሸው፣ የተመለሰው ከዚያው ነው የሚቀነስ።

ከዚያ አምስት ፍሬ ብቻ ይዛችሁ ሞክሩ። በአፉ «እገዛለሁ» የሚል ሞልቷል፤ ቀብዱን በቴሌብር የሚልክላችሁ ግን እውነተኛው ገዢ ነው። አምስቱ ካልተሸጡ የከሰራችሁት የአምስት ዕቃ ብር እንጂ የዓመት እቁብ አይደለም።

እንግዲህ ተራችሁን ያዙ! ተራ ያልያዘ ሁሌም ተራ ነጋዴ ሆኖ ይቀራል።