ስለ መኪና ቺንጋና ስለ መወጠሪያው አለዋወጥ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከምታውቀው ነገር አንዱን ጻፍ» ባሉኝ ጊዜ ስለ ብዙ ነገር አሰብሁ። በመጨረሻም በገዛ እጄ ያበላሸሁትንና በገዛ እጄ ያቃናሁትን አንድ ነገር ለመጻፍ ቈረጥሁ። ይኸውም የመኪና ቺንጋ ነው።

አባቴ ቤተሰባችንን የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ2003 በተሠራች አንዲት ቶዮታ ኮሮላ ሰው እያመላለሰ ነው። በዚህች መኪና ሞተር ጎን አንድ ረዥም የጎማ ቺንጋ አለ። ሥራው የሞተሩን ኃይል ለአራት ሠራተኞች ማካፈል ነው። አንደኛው ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ፥ ሁለተኛው ሞተሩን የሚያበርደውን ውሃ የሚያዘዋውረው ፓምፕ፥ ሦስተኛው መሪውን የሚያቀልለው ፓምፕ፥ አራተኛው የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ነው። ቺንጋው እንዳይላላ ሁልጊዜ እየገፋ የሚይዘው ቴንሽነር የሚባል መወጠሪያ አለ፤ በጫፉም በኩሽኔታ ላይ የሚሽከረከር ትንሽ ፑሌጃ አለው።

ባለፈው ዓመት መኪናይቱ ጠዋት ስትነሣ ትጮህ ጀመር። አባቴ አዲስ ቺንጋ ገዝቶ አስገጠመ፤ መወጠሪያውን ግን ማንም አላየውም። ከአንድ ወር በኋላ ጩኸቱ ተመለሰ። አንድ ጓደኛዬ «ደረቅ ሳሙና ቀባው» ብሎ መከረኝና ቀባሁት። እውነትም ጩኸቱ ጠፋ፤ አባቴም አመሰገነኝ፤ እኔም ራሴን እንደ ሜካኒክ ቈጠርሁ።

በሳምንቱ አያቴን ለሕክምና ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስናመጣ ሸኖን እንዳለፍን አንድ ነገር ጧ አለ። ወዲያውም የባትሪ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት በራ፤ መሪው ከበደ፤ የሙቀቱም መርፌ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። አባቴ ሳይዘገይ ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። «ጥቂት ልሂድ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ውሃው መዘዋወሩን ስላቆመ ሞተሩ ግሎ ቴስታታው ይጣመም ነበር፤ ይህም ለቤታችን የብዙ ወር እንጀራ ነው።

ሌላ መኪና እስኪመጣ ድረስ አያቴ በዚያ ብርድ ጋቢዋን ተከናንባ ከመንገድ ዳር ሦስት ሰዓት ተቀመጠች። የሆነውን ባስረዳናት ጊዜ «ታዲያ ልጆቼ፤ ሲጮህ የሰማው ሰው አልነበረም?» አለች። እኔ መልስ አልነበረኝም።

መኪናይቱ ተጎትታ ጋራዥ ከገባች በኋላ ሽማግሌው ሜካኒክ የተበጠሰውን ቺንጋ አገላብጠው አዩና «ይህን ነጭ ነገር ማን ቀባው?» አሉ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልሁ። «ልጄ፤ አፉን ዘጋኸው እንጂ ሕመሙን አልነካኸውም። በል እጅጌህን ሰብስብ፤ አብረን እንሠራለን» አሉኝ። የሠራነውም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ሞተሩ መቀዝቀዙን አረጋግጠን የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታን። የቺንጋውንም መንገድ በወረቀት ላይ ነደፍን፤ በየፑሌጃው እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ በቃል መያዝ ያሳስታል። ቺንጋው ሳይበጠስ የሚለወጥ ሲሆን የ19 ቁልፍ በመወጠሪያው ላይ አግብቶ ቀስ ብሎ በማዞር ማላላት ነው።

2ኛ፤ እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጅ አሽከረከርን። የዲናሞውና የሌሎቹ ያለ ድምፅ ዞሩ። የመወጠሪያው ግን ጠጠር እንደ ገባበት ወፍጮ ይንኳኳ፥ ወዲያና ወዲህም ይወዛወዝ ነበር። ኩሽኔታው አልቋል፤ ስለዚህ ፑሌጃው አዲሱን ቺንጋ እያጣመመ ጠርዙን በልቶ ጨረሰው። ጥፋተኛው የተበጠሰው ሳይሆን ሳይበጠስ የቀረው ነበር።

3ኛ፤ መወጠሪያውን የሚይዘው ረዥም ብሎን በቦታው ጥበት ምክንያት ዝም ብሎ አይወጣም። ስለዚህ ከሞተሩ በታች እንጨት አድርገን በክሪክ ደገፍነው፤ በቀኝ በኩል ያለውን የሞተሩን ማሰሪያ ፈትተን ሞተሩን በጥቂቱ ከፍ አደረግንና አሮጌውን አውጥተን አዲሱን ገጠምን። ይህ ያለ አዋቂ የሚሠራ አይደለም።

4ኛ፤ አዲሱን ቺንጋ እንደ ንድፉ አጠለቅን። በቁመቱ የተሰመሩት ስድስቱ ጥርሶች በየቦይው መግባታቸውን በጣት እየዳሰስን አየን፤ አንዱ እንኳ ከወጣ ቺንጋው በቶሎ ይበላል። በካቻቢቴ አስገድዶ ማስገባትም ጎማውን ስለሚቀድ ክልክል ነው። ከዚያ ማሰሪያውን መልሰን አጠበቅን፤ የባትሪውንም ገመድ አሰርን።

5ኛ፤ ሞተሩን አስነሥተን እጃችንንና ልብሳችንን አርቀን አዳመጥን። ምንም ጩኸት አልነበረም።

እግረ መንገዳቸውን ሜካኒኩ ሁለት ነገር አስተማሩኝ። የቀድሞ ቺንጋዎች ሲያረጁ ይሰነጠቁ ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰነጠቁ ጥርሳቸው ተበልቶ ያልቃሉ፤ ስለዚህ «አልተሰነጠቀም» ብሎ መተማመን አይገባም። ሁለተኛው፥ የሚጮህ ቺንጋ ላይ ከሩቅ ጥቂት ውሃ ቢረጭና ጩኸቱ ቢብስ፥ ቺንጋው ላልቶ ይንሸራተታል ማለት ነው፤ ለጊዜው ጠፍቶ ቢመለስ ደግሞ ከፑሌጃዎቹ አንዱ ተጣሟል ማለት ነው። ውሃ ይጠይቃል፤ ሳሙና ግን ይደብቃል።

አያቴ በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ቀርባ ታክማ ዛሬ ደኅና ናት። አባቴም አልተቈጣኝም፤ ነገር ግን በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ኮፈኑን ከፍቶ «ና፤ አብረን እናዳምጥ» ይለኛል።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ ቤታችሁ መኪና ባይኖር እንኳ የሚጮህ ነገር አይጠፋም። ዝም ከማሰኘታችሁ በፊት ለምን እንደሚጮህ ጠይቁ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይኸው ነው።